«ስታር ትሬክ»፦ በአንድ የጠፈር ተከታታይ ፊልም ውስጥ ያለው ሥነ ምግባርና እምነት



አቃቂ ቃሊቲ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ፋብሪካውን፥ የጭነት መኪናውን ሰልፍና የድሮውን የባቡር ጣቢያ ነው። በ2011 የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ቂሊንጦ ላይ ከተቋቋመ ወዲህ ግን በአካባቢው ባሉ ቤተ ክርስቲያኖች የወጣት ፕሮግራም ላይ የምህንድስና ተማሪዎች እየበዙ መጥተዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከእነዚህ ተማሪዎች አንዱ በአንድ ቅዳሜ ማታ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ እጁን አውጥቶ፦ «ሰው ከዋክብት ላይ ሲደርስ እምነት ያስፈልገዋል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄውን ያገኘው ከመምህር አልነበረም። የሴሚስተር ዕረፍቱን ሙሉ ከጓደኛው በፍላሽ ገልብጦ ሲያይ ከቆየው «ስታር ትሬክ» ከሚባል ተከታታይ ፊልም ነበር። የተሰጠው መልስ፦ «ዓለማዊ ፊልም ማየት ተው፥ ቃሉን አንብብ» የሚል ሆነና ጥናቱ ወደሚቀጥለው ቁጥር አለፈ። ልጁ በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። ከዚያም በኋላ ለብዙ ሳምንታት አልመጣም። እኔም በዚያ ክፍል ውስጥ ነበርሁ፤ መልስ ካጡት አንዱ ነኝ።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው እንዲህ ያለ ጥያቄ ለሚቀርብላቸው ወላጆች፥ የወጣት አገልጋዮችና የጥናት መሪዎች ነው። ፊልሙን ላላየው ሰው ምን እንደ ሆነ፥ ስለ እግዚአብሔርና ስለ ሰው ምን እንደሚያስተምር፥ የትኛው ክፍል ለውይይት እንደሚጠቅምና የትኛው ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ለማሳየት እንሞክራለን።

ተከታታዩ ምንድር ነው?

«ስታር ትሬክ» የአሜሪካ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው። ኤንቢሲ በተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ መታየት የጀመረው ሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 ሲሆን (የእኛ አገር ቴሌቪዥን ሥራ ከጀመረ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር) በሦስት ሲዝን 79 ክፍሎች ከቀረቡ በኋላ ተመልካች አነሰው ተብሎ በ1969 ተቋረጠ። ታሪኩ የሚፈጸመው በ23ኛው መቶ ዘመን ነው። የምድር ሰዎች ጦርነትንና ረሀብን አሸንፈዋል፤ ከሌሎች ዓለማት ነዋሪዎች ጋር ኅብረት መሥርተዋል። «ኢንተርፕራይዝ» የተባለችው የጠፈር መርከብ በካፒቴን ከርክ እየተመራች ያልታወቁ ዓለማትን ትጎበኛለች። ከጎኑ ስሜቱን ገትቶ በአመክንዮ ብቻ የሚኖረው ስፖክ እና ቶሎ ቱግ የሚለው ዶክተር ማኮይ አሉ። የታሪኮቹ ግማሽ ያህሉ የእነዚህ የሁለቱ ክርክር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፊልሙ ከተቋረጠ በኋላ በድጋሚ ስርጭት እጅግ ተወደደ። ከዚያም «ቀጣዩ ትውልድ» የሚለው (1987–1994፥ 178 ክፍሎች) እና «ዲፕ ስፔስ ናይን» (1993–1999፥ 176 ክፍሎች) ተከተሉ። ሌሎችም አሉ፤ ከ2017 እስከ 2024 የቀረበው «ዲስከቨሪ» ከቅርብ ጊዜዎቹ አንዱ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ በብዛት የምንመለከተው የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ነው።

የጸሐፊው እምነት

የተከታታዩ መሥራች ጂን ሮደንበሪ (1921–1991) በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ፥ ኋላም የሎስ አንጀለስ ፖሊስ የነበረ ሰው ነው። እናቱ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ይወስዱት ነበር። በወጣትነቱ ግን እምነቱን ተወ። ከዚያ በኋላ ራሱን የሚቆጥረው ሂዩማኒስት ከሚባሉት ወገን ነው፤ ማለትም ሰው ያለ አምላክ በአእምሮውና በመልካም ፈቃዱ ራሱን ማዳን ይችላል ከሚሉት ጋር። ፊልሙ የዚህ እምነት ስብከት ነው። ስብከት ስንል ለማጋነን አይደለም፤ እርሱ ራሱ የሚያምንበትን ነገር በታሪክ መልክ ማስተላለፍ እንደሚፈልግ አልደበቀም።

በግልጽ ከሚታይባቸው ክፍሎች አንዱ «ጠባቂዎችን ማን ይጠብቃል» የሚለው የ1989 የ«ቀጣዩ ትውልድ» ክፍል ነው። ሚንታካውያን የተባሉ፥ ገና በነሐስና በቀስት ዘመን ያሉ ሕዝቦች ከላይ የመጡትን የጠፈር ሰዎች ድንገት ያያሉ። የሚያደርጉትንም አይተው ካፒቴን ፒካርድን አምላክ ነው ብለው ያመልኩት ጀመር። ከባልደረቦቹ አንዱ፦ እንግዲህ አምላክ ካሉህ ትእዛዝ ስጣቸው፥ ያለዚያ በስምህ ይገዳደላሉ ሲለው ፒካርድ በቁጣ እምቢ ይላል። ሃይማኖት እነዚህ ሰዎች ያለፉት የጨለማ ዘመን ነው፥ ወደዚያ አልመልሳቸውም ይላል። በመጨረሻም ሟች መሆኑን ለማሳየት በቀስት እስኪወጋ ድረስ ደረቱን ይሰጣል።

አማኝ ተመልካች እዚህ ላይ ሁለት ነገር ሊያስተውል ይገባል። አንደኛ፥ ፒካርድ ትክክል ነው። ሰው ሆኖ መመለክን እምቢ ማለት ጳውሎስና በርናባስ በልስጥራ ያደረጉት ነው (ሐዋ. 14፥8-18)። ልብሳቸውን ቀድደው ወደ ሕዝቡ መካከል ሮጡ እንጂ ዕድሉን አልተጠቀሙበትም። ሁለተኛ፥ ልዩነቱም እዚያው አለ። ጳውሎስ «እኔ አይደለሁም» ካለ በኋላ ዝናብንና ፍሬያማ ወራትን ወደ ሰጠው ሕያው አምላክ ያመለክታል፤ ፒካርድ ግን «እኔ አይደለሁም» ብሎ ያቆማል። ፊልሙ የሚያውቀው ሐሰተኛ አማልክትን ብቻ ነው። በ1967 ከርክ አጶሎ ነኝ ከሚል ፍጡር ጋር ሲታገል፥ በዚያው ዓመት «ፖም» በተሰኘው ክፍል ድንጋይ የሚበላ ማሽን የሚያመልኩትን ሰዎች ነጻ ሲያወጣ፥ ሁሌም የሚወድቀው ጣዖት ነው። ጣዖት ሲወድቅ ማየት ኢሳይያስን ለሚያነብ ሰው አዲስ ነገር አይደለም (ኢሳ. 44)። ነቢዩም ከሮደንበሪ በላይ ነው የሚስቀው።

ይህን ትምህርት እኛ አገር ሰምተነዋል

ሰው ሲሠለጥን ሃይማኖት ይቀራል የሚለው ሐሳብ ለኢትዮጵያ ወንጌላዊ አማኝ እንግዳ አይደለም። በደርግ ዘመን በቀበሌ የውይይት ክበብና በትምህርት ቤት ሳይንሳዊ ሶሻሊዝም ተብሎ ሲሰጥ የነበረው ይኸው ነው፤ ሃይማኖት የኋላ ቀርነት ቅሪት ነው፥ ሳይንስ ሲመጣ ይጠፋል ይባል ነበር። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በጁላይ 1979 ታፍነው ተገደሉ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1982 ተዘጋች፥ መሪዎቿም ታሰሩ። አማኞች በየቤቱ በአነስተኛ ቡድን ተሰብስበው፥ መዝሙሩን ዝቅ አድርገው ዘመሩ። በሩ እንደ ገና ሲከፈት በ1991 ቤተ ክርስቲያኖቹ ከመዘጋታቸው በፊት ከነበሩት ይልቅ በዝተው ተገኙ።

ሮደንበሪ ማንንም አላሰረም፤ ከደርግ ጋር እኩል ማስቀመጥ ግፍ ይሆናል። ነገር ግን ትንቢቱ አንድ ነው፥ ትንቢቱም በዓይናችን ፊት ተፈትኗል። ለዚያ ተማሪ ያን ማታ ልንነግረው የሚገባን ይህ ነበር። ከጥናት መሪዎቹ መካከል በዚያ ዘመን የታሰሩ አባት ነበሩ፤ ጥያቄውን ለእርሳቸው ማስተላለፍ ለማንም ትዝ አላለንም።

ሌላም አለ። ተከታታዩ ሦስተኛ ሲዝኑ ላይ እያለ፥ ዲሴምበር 24 ቀን 1968፥ እውነተኛ የጠፈር ተጓዦች ለመጀመሪያ ጊዜ ጨረቃን እየዞሩ ነበር። የአፖሎ 8 ተጓዦች ቦርማን፥ ላቭልና አንደርስ በዚያች የገና ዋዜማ ወደ ምድር በቀጥታ በሚተላለፈው ስርጭት ላይ ተራ በተራ ያነበቡት የኦሪት ዘፍጥረትን መጀመሪያ ነው። የተከታታዩ የመጨረሻ ክፍል በጁን 1969 ከታየ ሰባት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፥ ጁላይ 20፥ በቴክሳስ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የነበረው በዝ ኦልድሪን ጨረቃ ላይ አረፈ፤ ከመርከቡ ከመውጣቱም በፊት ከቤተ ክርስቲያኑ ይዞት የሄደውን ኅብስትና ወይን ወሰደ። ልብ ወለዱ ከዋክብት ላይ እምነት የለም ሲል፥ ከዋክብት ወዳሉበት የሄዱት ሰዎች መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ሄዱ። የጠፈር ተጓዥ ሁሉ አማኝ ነው ማለት አይደለም። ግን «ሰው ከዋክብት ላይ ሲደርስ» ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰጠው መልስ ይህ ይመስለኛል፦ ደረሰ እኮ።

ኡሁራና ፓስተር ኪንግ

ስለ ፊልሙ መልካም ገጽታ ስናወራ በመርከቧ ላይ ያለችውን ጥቁር መኮንን ማለፍ አይቻልም። ኒሸል ኒኮልስ የተጫወተቻት የመገናኛ መኮንን ኡሁራ ትባላለች፤ ስሟ «ኡሁሩ» ከሚለው የስዋሂሊ ቃል የወጣ ሲሆን ነጻነት ማለት ነው። በ1966 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ጥቁር ሴት ከገረድነት ውጭ በሥልጣን ቦታ ላይ ማየት እጅግ ብርቅ ነበር። ኒኮልስ ግን ከመጀመሪያው ሲዝን በኋላ ለቅቃ ወደ ቲያትር መመለስ ፈለገች። እርሷ በሕይወት ዘመኗ ደጋግማ እንደተረከችው፥ በዚያው ሰሞን በአንድ ስብሰባ ላይ «አድናቂዎ ሊያገኝዎት ይፈልጋል» ተብላ ዘወር ስትል የባፕቲስቱ ፓስተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ነበሩ። ልጆቻቸው አምሽተው እንዲያዩ የሚፈቅዱላቸው ፊልም ይህ መሆኑን ነገሯት፤ እንዳትለቅቅም ጠየቋት። በሚቀጥለው ሰኞ ተመልሳ ሥራዋን ቀጠለች። ማይ ጄሚሰን የተባለች ሕፃን ይህችን ኡሁራ እያየች አደገች፤ በ1992 ወደ ጠፈር የሄደች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሴት ሆነች።

ይህ ነገር አገልጋዮችን ትንሽ ሊያሳስበን ይገባል። በአምላክ የማያምን ጸሐፊ የሠራውን ፊልም አንድ ፓስተር አይቶ በውስጡ የሰው ልጅ በእግዚአብሔር መልክ የመፈጠሩን እውነት (ዘፍ. 1፥27) አገኘበት። ያለበትን ስሕተት አላየም ማለት አይደለም።

በመጀመሪያው ተከታታይ ውስጥ የክርስቶስ ስም ተዘዋዋሪ በሆነ መንገድ የሚነሣበት አንድ ክፍልም አለ፤ «እንጀራና ትርዒት» የሚለው የማርች 1968 ክፍል ነው። የሮም መንግሥት ሳይወድቅ እስከ ቴሌቪዥን ዘመን በደረሰበት ዓለም ባሪያዎች በስታዲየም ሲዋጉ ለሕዝብ ይታያል። ከባሪያዎቹ መካከል መግደልን እምቢ ያሉ፥ ሰው ሁሉ ወንድም ነው የሚሉ ተሰዳጆች አሉ። ከርክና ባልደረቦቹ እነዚህ ሰዎች በሰማይ ያለችውን ፀሐይ የሚያመልኩ ይመስላቸዋል። በመጨረሻ የዚያን ዓለም ሬዲዮ ስታዳምጥ የቆየችው ኡሁራ ታርማቸዋለች፤ በእንግሊዝኛ «ፀሐይ» እና «ልጅ» የሚሉት ቃላት በድምፅ አንድ ናቸውና፥ የሚሰብኩት ስለ ፀሐይ ሳይሆን ስለ እግዚአብሔር ልጅ ነው። ሮደንበሪ በጻፈው ነገር ውስጥ ይህ መግባቱ ይገርማል።

ጥላቻ፦ ሁለት ሊታዩ የሚገባቸው ክፍሎች

ከተከታታዩ ሁሉ ለእኛ አገር ተመልካች ልብ ቅርብ የሆኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው «ይህ የመጨረሻ የጦር ሜዳችሁ ይሁን» ይባላል፤ በጃንዋሪ 1969 ታየ። ቼሮን ከተባለ ዓለም ሁለት ሰዎች ወደ መርከቧ ይመጣሉ፤ ቤልና ሎካይ። የሁለቱም ፊት ግማሹ ጥቁር ግማሹ ነጭ ነው። ቤል ሎካይን ለ50,000 ዓመት ሲያሳድደው ኖሯል። ከርክ ልዩነታችሁ ምንድር ነው ቢላቸው ቤል በጥያቄው ይገረማል፤ አታይምን? እኔ ጥቁር የሆንሁት በቀኝ በኩል ነው፥ የእርሱ ወገን ሁሉ በግራ ነው ይለዋል። ከርክ እስከዚያ ድረስ ልብ አላለውም፤ እኛም ተመልካቾቹ ልብ አላልነውም። ወደ ዓለማቸው ሲደርሱ ሕዝባቸው እርስ በርሱ ተጨራርሶ አንድ ሰው አልቀረም፤ ከተሞቹ ተቃጥለዋል። ሁለቱ ግን ወርደው በፍርስራሹ መካከል መባረራቸውን ይቀጥላሉ።

የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ይህን ክፍል ምሳሌው በጣም ግልጽ ሆነ፥ ረቀቅ ማለት ነበረበት ብለው ይነቅፉታል። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ ጦርነት ያለፈ፥ ከዚያም በኋላ ወንድም በወንድሙ ላይ ሲነሣ ያየ፥ በመታወቂያና በአነጋገር ዘዬ ሰው ሲለይ የሰማ ኢትዮጵያዊ ግን ግልጽነቱን አይነቅፍም። አንድ ቋንቋ የሚናገሩ፥ አንድ ዓይነት እንጀራ የሚበሉ፥ አንድ ወንጌል የሚያምኑ ሰዎች በየትኛው በኩል ጥቁር እንደ ሆኑ ሲቆጣጠሩ አይተናል። በአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካ ሠራተኛው ከየክልሉ የመጣ ነው፤ ከአንድ ማሽን ኋላ ሦስትና አራት ቋንቋ ይነገራል። በእሑድ አምልኮ አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጡትም እነዚሁ ናቸው። ኤፌሶን 2 ስለ ጥል ግድግዳ የሚለውን በዚህ ፊልም አጠገብ ማንበብ ይጠቅማል።

ሁለተኛው ክፍል በ«ዲፕ ስፔስ ናይን» የመጀመሪያ ሲዝን በጁን 1993 የታየው «ሁለት ድምፅ» ነው። ባጆራውያን በካርዳሲያውያን ቅኝ ግዛት ለአምሳ ዓመት ያህል ተሠቃይተዋል። ከነጻነት ታጋዮቹ አንዷ ሜጀር ኪራ፥ ከጉልበት ሥራ ካምፕ ጨካኝ አዛዦች አንዱ ነው ተብሎ የተጠረጠረ ካርዳሲያዊ ትመረምራለች። ሰውዬው በእብሪት ሁሉንም ያምናል፥ ይኮራበታልም። ሲጣራ ግን አዛዡ ሞቷል፤ ይህ ሰው በካምፑ የመዝገብ ጸሐፊ የነበረ ማሪትዛ የሚባል ነው። ሰዎች ሲገደሉ በሌሊት ጆሮውን ይዞ ይንሰቀሰቅ የነበረ፥ ምንም ማድረግ ያልቻለ ፈሪ። ወገኖቹ ኃጢአታቸውን እንዲናዘዙ ለማስገደድ ሲል ራሱን አዛዡ ነኝ ብሎ ለሞት ለማቅረብ መጥቶ ነበር። ኪራ ትለቅቀዋለች። ሲወጡ አንድ ባጆራዊ በጩቤ ወግቶ ይገድለዋል፤ ለምን ሲባል ካርዳሲያዊ ነው፥ ይበቃል ይላል። በክፍሉ መጀመሪያ ላይ እንዲሁ ታስብ የነበረችው ኪራ የምትመልስለት አይበቃም ብላ ነው።

በዚህ ክፍል ይቅርታ ርካሽ ሆኖ አይቀርብም። በደሉ በስሙ ይጠራል፤ ንስሐ መግባት ያለበት ማን እንደ ሆነም አይድበሰበስም። ማሪትዛ ለሌሎች ኃጢአት ራሱን ሊሰጥ የመጣ ሰው ነው፥ ይህም አማኝን ወዴት እንደሚያደርሰው አያጠራጥርም። ነገር ግን ወጣቶቹ ራሳቸው እስኪያዩት መታገሥ ነው፤ መሪው ቀድሞ ከተናገረ ነገሩ ይበላሻል።

እምነት ወደ ፊልሙ ሲመለስ

ሮደንበሪ በ1991 ሞተ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች በ«ዲፕ ስፔስ ናይን» ሃይማኖትን የታሪኩ እምብርት አደረጉት። ባጆራውያን አማኞች ናቸው፤ የሚጸልዩት «ነቢያት» ብለው ወደሚጠሯቸው ኃይላት ነው። ኪራ ትጸልያለች፥ አታፍርበትምም፤ ሞኝም አይደለችም። በተቃራኒው ካይ ዊን የተባለችው የሃይማኖት መሪ አለች። አንደበቷ ማር ነው፥ ሰውን ሁሉ «ልጄ» ትላለች፤ ልቧ ግን ሥልጣን ብቻ ይፈልጋል። ገና በመጀመሪያው ሲዝን ስለ ትምህርት ቤት በተነሣ ክርክር ተቀናቃኟን ለማስገደል ታሴራለች፤ በመጨረሻም በ1999 ለክፉ መናፍስት ራሷን አሳልፋ ትሰጣለች። ይህች ሴት ፀረ ሃይማኖት ስድብ አይደለችም። ሕዝቅኤል 34 የሚናገርላቸው እረኞች ናት። ኪራ ከጎኗ መኖሯም ጸሐፊዎቹ ልዩነቱን እንደሚያውቁ ያሳያል።

ይህ ሁሉ ግን ክርስትና አይደለም። «ነቢያቱ» ፈጣሪ አይደሉም፤ ከጊዜ ውጭ የሚኖሩ ፍጡራን ናቸው፥ ሰውን አይወድዱም፥ ኃጢአቱንም አይሸከሙም። በዚህ ዓለም ውስጥ እምነት ማለት ልብን የሚያጽናና ነገር ነው እንጂ እውነት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክፍት ይቀራል። አንድ ወጣት ይህን አይቶ፦ «እምነት ጥሩ ነው፥ ማመን ብቻ ነው ዋናው» ብሎ ቢወጣ ከፒካርድ ግልጽ ክህደት የባሰ ሊጎዳው ይችላል። ጳውሎስ ክርስቶስ ካልተነሣ እምነታችን ከንቱ ነው የሚለው (1ቆሮ. 15) እንዲህ ያለውን ማጽናኛ አልቀበልም ሲል ነው።

አምላክ መርከብ ምን ያደርግለታል?

ከተከታታዩ ወጥቶ በተሠራ በአምስተኛው የሲኒማ ፊልም (1989) ላይ አንድ ስሜታዊ ሰባኪ መርከቧን ጠልፎ የጋላክሲው መካከል ድረስ ይወስዳታል፤ እዚያ እግዚአብሔር ይኖራል ብሎ። በእርግጥም ጢም ያለው ታላቅ ፊት ይገለጣል። ከዚያ ያ ፍጡር መርከባችሁን አምጡልኝ ይላል። ከርክ ብቻ ነው እጁን እንደ ተማሪ አንሥቶ፦ አምላክ ከሆንህ መርከብ ምን ያደርግልሃል ብሎ የሚጠይቀው። ፍጡሩ በመልስ ፋንታ በመብረቅ ይመታዋል።

ፊልሙ በአጠቃላይ ደካማ ነው። ይህች ጥያቄ ግን በእኛ ቤተ ክርስቲያኖች በር ላይ ተጽፋ ብትለጠፍ ደስ ይለኛል። ጌታ መኪና እንድትሰጠኝ ነግሮኛል፥ ይህን ያህል ብር ዘርተህ ትባረካለህ እያሉ የድሃውን ደመወዝ የሚወስዱ «ነቢያት» በዝተዋል። ጥያቄ የጠየቀም «የተቀባውን አትንካ» ይባላል፤ መብረቁ መሆኑ ነው። ሚክያስ 3፥11 እና 1ዮሐንስ 4፥1 ከርክ የጠየቀውን ጥያቄ እንድንጠይቅ ያዝዙናል።

«አንደኛው ትእዛዝ» እና ወንጌል

በተከታታዩ ውስጥ ያሉት ተጓዦች የሚገዙበት ዋና ሕግ አለ፤ ከእነርሱ በታች ባለ ሥልጣኔ ሕይወት ውስጥ ጣልቃ አትግቡ የሚል። ከቅኝ ግዛትና ከቪየትናም ጦርነት ትውስታ የተወለደ ሕግ ነው፥ መነሻውም በጎ ነው። በዚያ ዓይን ሲታይ ግን ወንጌል ሰባኪ ሁሉ ሕግ ተላላፊ ነው። አንዳንድ ወጣቶች ሚስዮናውያን ባሕላችንን አጠፉ የሚለውን ሲሰሙ ይህን ሕግ ያነሣሉ።

የእኛ አገር ታሪክ ግን ለዚህ የራሱ መልስ አለው። የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን ሰዎች በጣሊያን ወረራ ምክንያት በ1937 ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። መጽሐፍ ቅዱሱ እንኳ በቋንቋቸው ሙሉ አልነበረም። ሚስዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ያገኙት 10,000 ገደማ የሚሆን ሕዝብ ነው። ጣልቃ የገባ ባዕድ አልነበረም፤ ተገርፈው፥ ታስረው፥ ወንጌሉን ከመንደር መንደር የወሰዱት ወላይታዎቹ ራሳቸው ናቸው። የከርክ ሕግ ሕዝብን የሚያየው እንደ ተቀባይ ብቻ ነው። ተቀብሎ የራሱ የሚያደርግና ለሌላው የሚያደርስ ሕዝብ በሕጉ ውስጥ ቦታ የለውም።

ጥንቃቄ የሚፈልጉ ነገሮች

ካፒቴን ከርክ በየዓለሙ ከሴት ጋር ይታያል፥ አብዛኛውን ጊዜም ያለ መዘዝ ነው። «ዲፕ ስፔስ ናይን» በ1995 በሁለት ሴቶች መካከል ያለ ፍቅርን አሳይቷል። «ዲስከቨሪ» ደግሞ ከዋና ገጸ ባሕርያቱ መካከል የተጋቡ ሁለት ወንዶችን ያቀርባል። ወላጅ ይህን ከልጁ አፍ ከሚሰማው ቀድሞ ቢያውቅ ይሻላል። ጭካኔ በመጀመሪያዎቹ ያን ያህል አይበዛም፤ በአዲሶቹ ይበዛል።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ረቀቅ ያለው ነው። በ1998 በታየ አንድ ክፍል ካፒቴን ሲስኮ አንድን ሕዝብ ወደ ጦርነቱ ለማስገባት ይዋሻል፥ ማስረጃ ያስፈጥራል፥ የሰው ደምም ይፈሳል። ታሪኩን የሚነግረን ብቻውን ተቀምጦ ለማስታወሻ መቅጃው እየተናዘዘ ነው። ሲጨርስ ከዚህ ጋር መኖር እችላለሁ ይልና ኑዛዜውን ይደመስሰዋል። ተዋናዩ አቬሪ ብሩክስ ድንቅ አድርጎ ሠርቶታል። የሚሰማው የሌለ፥ የሚያጠፋውም ራሱ የሆነ ኑዛዜ ምን እንደሚመስል ያሳያል። መዝሙር 32ን አንብቦ ይህን ክፍል ያየ ሰው ልዩነቱን ሳይነገረው ይሰማዋል።

ለጥናት ቡድኖች

እያንዳንዱ ክፍል 45 እስከ 50 ደቂቃ ነው፥ ስለዚህ ለአንድ ማታ ፕሮግራም ይበቃል። ለመጀመር ከላይ የተጠቀሱት የጥላቻ ሁለት ክፍሎች ይሻላሉ። ለተማሪዎች «የመጀመሪያው ግዴታ» የሚለውን የ1992 ክፍል እመርጣለሁ፤ አንድ ጎበዝ ተማሪ ጓደኞቹን ለማዳን ሲል በጓደኛቸው ሞት ላይ የዋሸበት ነው፥ ኩረጃና ውሸት በግቢው እንዳለ ለሚያውቅ ወጣት ሩቅ አይሆንም። ምህንድስናና ኮምፒውተር ለሚያጠኑት ደግሞ በፌብሩዋሪ 1989 የታየው «የሰው መለኪያ» አለ። ዴታ የተባለው ሰው መሰል ማሽን ፈታትተን እንመርምረው ሲባል ንብረት ነው ወይስ መብት ያለው ይባላል። ዳኛዋ ነፍስ ስለ መኖሩ መፍረድ እንደማትችል አምና ምርጫውን ለእርሱ ትተዋለች። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በየስልካችን በገባበት በዛሬው ጊዜ ይህ ክፍል ከተሠራበት ዘመን ይልቅ አሁን ይበልጥ ያነጋግራል። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ በአማኝ እጅ ምን ሊሆን እንደሚችል ማየት የሚፈልግ ሲ. ኤስ. ሉዊስ ከ1938 ጀምሮ የጻፋቸውን ሦስት የጠፈር ልብ ወለዶች ያንብብ።

ያ ተማሪ አሁን አራተኛ ዓመት ነው። ባለፈው ወር በታክሲ ሰልፍ ላይ አግኝቼው ይቅርታ ጠየቅሁት። ስለ ማሪትዛ አወራን፤ «ኪራ አይበቃም ያለችው ከየት አምጥታው ነው? ሃይማኖቷ ነው ወይስ ሰውነቷ?» አለኝ። ታክሲው መጣና ሳንጨርሰው ተለያየን። በሚቀጥለው ቅዳሜ እናየዋለን ብሎኛል፤ ፍላሹን ይዞ ይመጣል።